ቅኔ ዘራፊው በኖርዝ ዮርክ

ዕድሜዬ ሰባን ከተሻገረ፣ ፊደል ከቆጠርሁም ከስድሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ፣ ኖርዝ ዮርክ በተባለው ክፍል፣ ባንድ አሮጌ ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጬ፣ በዐሥራ አምስት ዓመት የልጅ ልጄ ፊት እንደ ፊደል ተማሪ ቃል የምቀጽልበት ቀን ይመጣል ብሎ የተነበየልኝ ባሕታዊ ቢኖር ኖሮ፣ ጾም በዝቶበት ነው ብዬ አልፈው ነበር። ነገሩ ግን ሆነ፤ ጥፋቱም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የራሴ ነው።

ባንድ የጥቅምት ማታ የልጅ ልጄ በላስቲክ የታሰሩ አርባ ትንንሽ ካርዶች ይዛ ከትምህርት ቤት መጣች። በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ዐሥረኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ የማንበብና የመጻፍ ችሎታው በፈተና ይመረመራል፤ የእንግሊዝኛ መምህርቷም ተማሪዎቻቸው በዚያ መንጠቆ እንዳይያዙ አስበው፣ የሥነ ጽሑፍን፣ የሥነ ግጥምንና ሰውን በጽሕፈት የማሳመንን ጥበብ ስያሜዎች አርባ ቈጥረው በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲጠኑ አዘዋል። በካርዱ ፊት ስሙ፣ በጀርባው ትርጓሜው ሰፍሯል፤ ከትርጓሜው በታች «ምሳሌ» ተብሎ አንድ ባዶ መስመር ተሰምሯል፤ ይህንን ተማሪው ከገዛ ራሱ እንዲሞላው ነው።

«አባባ፣ ትጠይቀኛለህ?» አለችኝ። («እርስዎ» የሚለው የአክብሮት ቃል አትላንቲክ ውቅያኖስን ሲሻገር ሰጥሞ መቅረቱን እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ተረዳሁ፣ ፍትሐቱን አድርሼ ትቼዋለሁ።)

በዚህ ጊዜ «እሺ፣ የኔ ልጅ» ብዬ ዝም ብል ኖሮ ይህ ወግ ባልተወለደ ነበር። ነገር ግን ሰይጣን ትዕቢትን በአረጋውያን ልብ ውስጥ የሚዘራው አፈሩ የላላ መሆኑን ዐውቆ ነውና፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «አንቺ ልጅ፣ አያትሽ በጎጃም በዋሸራ ቅኔ የተቀኘ፣ ኋላም በዘመናዊ ትምህርት ቤት አማርኛ ሲያስተምር ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ አርባ ቃል ለቁርሴም አትበቃኝ!» አልኋት። እርስዋም ካርዶቹን ወደኔ ገፋ አድርጋ፣ በዚህ አገር ልጆች ዘንድ በተለመደው አስፈሪ ጨዋነት፣ «እንግዲያው እኔ ልጠይቅህ» አለች።

የመጀመሪያው ካርድ ሜታፎር ነበረ። ይህንንስ ዐውቀዋለሁ፤ በአማርኛ ተለዋጭ ዘይቤ የምንለው፣ «እንደ» የሚለውን ድልድይ ሳይጠቀም አንዱን ነገር ሌላው ነው ብሎ ቁርጥ አድርጎ የሚናገር ነው። ቃሉ በጽርዕ ልሳን ማሻገር፣ ማጓጓዝ ማለት ስለ ሆነ፣ ዛሬም በአቴና ከተማ የቤት ዕቃ የሚያመላልሱ መኪናዎች ይህንኑ ቃል በጎናቸው ጽፈው ይዞራሉ፤ ይህንን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝ፤ አንድ ነጥብ አገኘሁ። ተነጻጻሪን፣ ሰውኛን፣ ግነትን፣ ምጸትን ሁሉ ስማቸውን ከእንግሊዝኛው እየፈታሁ እንደ ቆሎ ቆረጠምኋቸው። ስምንተኛው ካርድ ላይ ስደርስ ግን ጥርሴ ድንጋይ ላይ ዐረፈ።

ቃሉ ኦኖማቶፒያ ይባላል። ሦስት ጊዜ ሞከርሁ፤ በመጀመሪያው ወደ ኢትዮጵያ፣ በሁለተኛው ወደ ሜሶጶጣሚያ፣ በሦስተኛው ደግሞ ወዴት እንደ ሆነ ወዳልታወቀ አገር ወጣ። ትርጓሜውን ሳነብ ግን በንዴት ሣቅሁ፤ ለካ ድምፁን ራሱን ስም አድርጎ መጥራት ነው! ይህንን እንግሊዞች እንደ ብርቅ በካርድ ጽፈው ያስጠናሉ፤ እኛ ግን «አለ» ከሚለው ግሥ ጋር እያጋባን ቀኑን ሙሉ የምንኖረው በሱ ነው። ዕቃ ሲወድቅ ዘጭ ይላል፤ በር ሲዘጋ ጓ ይላል፤ ብርጭቆ ሲሰበር ከሽ ይላል፤ ወተት ሲፈላ ቱግ ይላል፤ ከዚህም አልፈን ድምፅ ለሌለው ነገር እንኳ ድምፅ ሰጥተን፣ ልብ ስንጥቅ አለ፣ መንገደኛው ጭልጥ አለ፣ ገንዘቡ ብን አለ እንላለን። በተለይ የመጨረሻውን በዚህ ከተማ የቤት ኪራይ በተከፈለ ማግሥት በጆሮዬ የሰማሁት ይመስለኛል።

ኦክሲሞሮን በሚባለው ደግሞ ተጽናናሁ፤ አማርኛ «አያዎ» ብሎ አይንና አዎን ባንድ ጎጆ ያስቀመጠበት ቃል ነው። የጽርዑ ቃል ራሱ ስለታም ከሚለውና ደነዝ ከሚለው ሁለት ቃል የተጋጠመ መሆኑን ስነግራት፣ የልጅ ልጄ «ስለዚህ ቃሉ ራሱ የራሱ ምሳሌ ነው!» ብላ ያንን በባዶው መስመር ላይ ጻፈች። ያን ማታ ከአርባው ሃያ ሁለቱን ዐወቅሁ። ሃያ ሁለት ከአርባ በዚህ አገር ማለፊያ ነው፤ በዋሸራ ግን ያስገርፋል።

ስለ ዋሸራ ካነሣሁ ዘንዳ ጥቂት ብዘገይ አንባቢ ይታገሠኝ፤ ልቤን ሲከነክነው የሰነበተው ነገር ከዚያ የሚነሣ ነውና። በቅኔ ቤት ሳለሁ ለነዚህ ጌጣጌጦች ስም የሚቆጥር ካርድ አላየሁም። ግሥና አገባብ ከተጠና በኋላ የኔታ ተማሪውን ወደ ጫካ ይሰዱታል፤ እርሱም ደበሎውን ተከናንቦ ከባልንጀሮቹ ተለይቶ፣ ዛፍ ተደግፎ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ ደግሞ የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያ ሦስት ቤት ያለው ዘአምላኪየ፣ እያለ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይወጣል። ሕጉ አንድና ጽኑ ነው፤ ቅኔ አይደገምም። ትናንት የተነገረ ቅኔ፣ የራስህም ቢሆን፣ ዛሬ ሬሳ ነው። ስለዚህ ተማሪው ተለዋጭ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ መቶ ተለዋጭ ይወልዳል፤ ስሙን የሚያውቀው ኋላ ነው፣ ያውም ካወቀው። በኖርዝ ዮርክ ግን ነገሩ በተገላቢጦሽ ነው፤ ተማሪው አስቀድሞ አርባውን ስም ያጠናል፤ ከዚያ ሌላ ሰው በጻፈው ግጥም ውስጥ ስሙ የተጠራውን ጌጥ ፈልጎ በቀለም ያከብበዋል። ክብ ማድረግና መውለድ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለልጂቱ ላስረዳት ብሞክር፣ «ፈተናው ላይ የሚመጣው ማክበቡ ነው» ብላ አፌን አስያዘችኝ፤ መልሷ ሎጎስ የሚባለው ዐይነት መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ይሁን እንጂ ዕውቀት ዕውቀት ናትና፣ ስሞቹ ቀስ በቀስ ዐይኔን ከፈቱልኝ፤ ወይም ለማለት የሚሻለው ኑሮዬን ረበሹብኝ። ከዚያች ሳምንት ወዲህ ወተት ልገዛ ስወጣ እንኳ ያንን ያህል ዘመን ያለ ሐሳብ የተመላለስሁባቸው መንገዶች ሁሉ ካርዳቸውን በደረታቸው ለጥፈው ቆመው ይጠብቁኝ ጀመር።

በሰፈራችን መካከል የሚያልፈው ያንግ ስትሪት የተባለው ጎዳና፣ 1,896 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የዓለም ረጅሙ ጎዳና ነው ተብሎ በታወቀው የድንቃ ድንቅ መዝገብ ለብዙ ዘመን ሰፍሮ ኖሯል፤ እስከ እ.ኤ.አ. 1999 ድረስ። በኋላ ሲመረመር ጎዳናውን ከሌላ አውራ ጎዳና ጋር ቀጥለው የለኩት ሆኖ ተገኘና ተሰረዘ፤ የራሱ ርዝመት የተባለውን ዐሥረኛ እንኳ አይሞላም። ይህ ግነት ነው። ኖርዝ ዮርክም ራስዋን ችላ ከተማ በነበረችበት ዘመን መጠሪያዋ «ልብ ያላት ከተማ» የሚል ነበር፤ ይህ ሰውኛ ነው፤ ግን በአማርኛ «ልብ ያለው» ማለት አስተዋይ ማለት ስለ ሆነ፣ ባለ ልብ ነኝ ብሎ በሰሌዳ የሚለጥፍ ሰው እኛ ዘንድ ልቡን የሚጠራጠሩበት ዐይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ከሌሎች አምስት አጥቢያዎች ጋር ወደ ቶሮንቶ ተጠቃለለች፤ ይህ አንድነት በተዋሕዶ ይሁን በቱሳሔ ወይስ በውላጤ፣ የሃይማኖት መምህራን ጉባኤ ዘርግተው ሊመረምሩት የሚገባ ነው፤ እኔ የማውቀው ፖስታ ሲጻፍልን እስካሁን በሁለቱም ስም መድረሱን ነው።

ከተማይቱን ከእ.ኤ.አ. 1973 ጀምሮ ሩብ ምእት ዓመት ያህል በከንቲባነት ያስተዳደሩት፣ ከውሕደቱም በኋላ የመላው ቶሮንቶ ከንቲባ የሆኑት ሜል ላስትማን ደግሞ የማሳመን ጥበብ ቢጠፋ ከሳቸው ይገኝ የነበረ ሰው ነበሩ። ሥራቸውን የጀመሩት የቤት ዕቃ በመሸጥ ነው፤ በ1960ዎቹ ለማስታወቂያ ብለው ወደ በረዶው የሰሜን ጫፍ ሄደው ለዚያ አገር ሰው ማቀዝቀዣ ሸጠው መምጣታቸው እስካሁን ይነገራል። በጥር 1999 ታላቅ በረዶ በወረደ ጊዜ ጦር ሠራዊት አስጠርተው በረዶ ስላስዛቁ፣ የቀረው የካናዳ ሕዝብ በቶሮንቶ እስካሁን ይሥቅባታል። እኔ ግን አልሥቅም፤ በረዶን በጦር መግጠም እንደ ፉከራ ካየነው የወንድ ሥራ ነው።

ሆኖም እነዚህ ልዩ ሰዎችና ልዩ ነገሮች ናቸው፤ የካናዳ ሰው በጠቅላላው ከግነት የሚሸሽ ፍጥረት ነው። ይህንን ያስተማረኝ ሊቶቲስ የተባለው ሃያ ስድስተኛው ካርድ ነው፤ ነገሩን አሳንሶ፣ ያውም ተቃራኒውን በ«አይደለም» አፍርሶ መናገር ማለት ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ ደርሶ የአፍንጫ ጠጕር እንደ መርፌ ሲቆም፣ ጎረቤቴ በሊፍት ውስጥ «ዛሬ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል» ይላል። ድግስ አብልተኸው «መጥፎ አይደለም» ካለህ ጣቱን ሊቆረጥም ደርሶ ነበር ማለት ነው። እኛ ግን፣ ሰው ስናገኝ «ሞትሁልህ»፣ ሥቀን «ገደልኸኝ»፣ ሲያደናቅፈው «እኔን» እያልን በቀን ሰባት ጊዜ የምንሞት ሕዝቦች ነን። የሁለቱ ጠባይ ባንድ ልጅ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር የልጅ ልጄን ሳይ እደነቃለሁ፤ እናቷን በአማርኛ «በረሃብ ሞትሁ» ትልና ወዲያው በስልክ ለጓደኛዋ በእንግሊዝኛ «ትንሽ ምግብ ቢጤ ሊያምረኝ ነው» ትላለች።

የሪቶሪክ ጥያቄ፣ ይኸውም መልስ የማይሻ ጥያቄ፣ ካርዱ ሲደርሰኝ ደግሞ የብዙ ዓመት ቍስል ተፈታልኝ። በመጣሁ ሰሞን የአውቶቡሱ ሾፌር «እንዴት ነህ?» ሲለኝ፣ ባገሬ ደንብ ጤናዬን፣ የጉልበቴን ነገር፣ አገር ቤት የቀሩትን ዘመዶቼን ሁናቴ በተራ ገልጬ የርሱንም ቤተ ሰብ ደኅንነት ስጠይቅ፣ ከኋላዬ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ወደ ጫማቸው ማቀርቀራቸው ለምን እንደ ሆነ አላወቅሁም ነበር።

እንግዲህ ስለ ወላጆች ምሽት ልናገር። ልጄ በሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ስለ ነበረች እኔ ሄድሁ፤ አስተርጓሚዬም ያቺው የምትመረመረው ተማሪ ሆነች፤ ይኸውም ተከሳሹን ጠበቃና ጸሓፊ ማድረግ ነው። መምህርቷ ትሑትና ፈገግታ የማያጡ ሴት ናቸው። ስለ ልጂቱ ትጋት ካመሰገኑ በኋላ፣ እኔም በሞያው እንግዳ አለመሆኔን ለማስታወቅ ብዬ፣ በልጅነቴ በየቀኑ ቅኔ እዘርፍ እንደ ነበረ፣ በዓል ሲሆንም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በካህናቱ ሁሉ ፊት ቆሜ እንደ ዘረፍሁ፣ ሲዘርፉ ያላፈሩትንም ሊቃውንቱ «ይበል! ይበል!» እያሉ ያበረታቱ እንደ ነበረ ተረክሁላቸው። የልጅ ልጄ ቃል በቃል ተረጐመችው።

የሴትዮዋ ፈገግታ ቀስ እያለ ከሰመ። መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሕዝቦችን ልማድ ሁሉ እንደሚያከብሩ፣ ነገር ግን በዚህ ትምህርት ቤት የሌላውን ሰው ድርሰት መውሰድ ብርቱ ጥፋት እንደ ሆነ፣ ምንጩን ሳይጠቅስ የጻፈ ተማሪ ዜሮ እንደሚያገኝ ገለጹልኝና፣ ስለዚሁ የሚናገር ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጡኝ። እኔ ምስጋናዬን ገልጬ ወጣሁ፤ ለምን እንደ ተገሠጽሁ የገባኝ ፊንች የባቡር ጣቢያ ስንደርስ ነው። ልጂቱን አስቆሜ፣ «መዝረፍ ማለትኮ የማንንም አለመንካት ነው፤ ቅኔ ዘራፊ የሚዘርፈው ገና ያልተፈጠረውን፣ ባለቤት የሌለውን ነው!» ብዬ ስጮኽ፣ መንገደኛው ሁሉ ዘወር ብሎ አየን። እርስዋም ሥቃ ሥቃ ሲበቃት፣ «አባባ፣ ይህ አያዎ ነው» አለችና መፈተሻውን አልፋ ሄደች። ወረቀቱ እስካሁን በመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አለ፤ ገጽ መለያ አድርጌዋለሁ።

ከሠላሳኛው ካርድ በኋላ ያለው ክፍል የማሳመን ጥበብ ነው። በዚያ ውስጥ አርስጣጣሊስ፣ በግዕዙ መጽሐፈ ፈላስፋ ሳይቀር ስሙ የሚጠራው ታላቁ ጠቢብ፣ ሰው በሦስት ነገር ይረታል ብሎ የተናገረው ይገኛል፤ ኢቶስ፣ ፓቶስ፣ ሎጎስ። ሎጎስ የሚለውን ሳይ ከመቀመጫዬ ብድግ አልሁ። «ምነው አባባ?» አለች። «ልጄ፣ ይህ ስም በዋዛ አይጠራም፤ ወንጌላዊው ዮሐንስ ወንጌሉን ሲከፍት ቃል ብሎ የጠራው ወልድ በጽርዕ ሎጎስ ነው» አልኋት። ካርዱን ገልብጣ አየችና፣ «እኛ ክፍል ስታቲስቲክስ ነው» አለችኝ። ፓቶስም እንዲሁ ነው፤ ሕማም ማለት ስለ ሆነ እኔ ወዲያው ሰሙነ ሕማማት፣ ስግደት፣ ጥቁር መጋረጃ ታየኝ፤ እርስዋ ግን ከጀርባው የጻፈችው ምሳሌ ለውሾች መጠለያ ገንዘብ በሚለምን ማስታወቂያ ላይ የሚታይ ዐይኑ እንባ ያቀረረ ቡችላ ነበረ። ኢቶስ የተናጋሪው ጠባይና ታማኝነት ነው፤ በዚህስ አልተጣላንም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ፣ እኔ ሰውን በቃል የረታሁበት ዘመን የቱ ነው ብዬ ሳስብ፣ የተማሪነቴ ዘመን ፊቴ ድቅን አለ። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ ሦስት ቃል ብቻ ተናግሮ የአርስጣጣሊስን ሦስቱንም ፈጽሟል። የድንግልን ስም መጥራቱ ኢቶስ ነው፤ የገዛ ራሱ ስም ቁራሽ እንጀራ እንደማያስቆርስ ያውቃልና የሌላ ታማኝነት ተውሶ ይቆማል። የድምፁ መንቀጥቀጥና የእግሩ ባዶነት ፓቶስ ነው። ሎጎሱ ደግሞ ያልተነገረው ነው፤ ዛሬ ብትሰጠኝ ነገ ቄስ ሆኜ ልጅህን አጠምቃለሁ፣ አንተንም እፈታለሁ የሚለው። የልጂቱ ካርድ «ተቃራኒ ሐሳብና ማስተባበያው» የሚለውም አልቀረም፤ ተቃራኒ ሐሳቡ ውሻው ነበረ፤ ማስተባበያው ዱላ። በግራ ባቴ ላይ ያለው ጠባሳ ማስተባበያዬ አንድ ቀን ደካማ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ጠዋት ይህንን ስነግራት በጣም ደስ አላትና፣ ለመጨረሻው የቤት ሥራ እንድረዳት ጠየቀችኝ፤ በእውነተኛ ጉዳይ ላይ ሰውን የሚያሳምን ደብዳቤ ጽፎ መላክ ነው። ጉዳይ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። የሕንፃችን ሁለት ሊፍቶች፣ አንደኛው ከፀደይ ጀምሮ፣ ሁለተኛው ከስድስት ሳምንት ወዲህ ቆመው፣ በሁለቱም በር ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። (ይህ በዚህ ከተማ የተለመደ የጊዜ አቈጣጠር ነው፤ በኤግሊንተን ጎዳና ሥር እ.ኤ.አ. በ2011 መሠራት የጀመረው ባቡር በ2020 ያልቃል ተብሎ፣ ከዚያ ወዲያ ለዓመታት «በቅርቡ» ሲባል ከርሞ ነበር፤ «በቅርቡ» የትኛው ካርድ እንደ ሆነ እስካሁን አልተስማማንም።)

እኔ እንደ ጥንቱ የአቤቱታ ደንብ ላስጽፍ ጀመርሁ። አባቶቻችን በበላ ልበልሃ ሙግት ዳኛ ፊት ቆመው ነገራቸውን በምሳሌና በቤት መምቻ ሲያስጌጡት፣ እሰጥ አገባ ሲወራረዱ የነበረው ወግ በደሜ አለና፣ «ዘጠነኛውን ሰማይ በእግሬ ስወጣ ነፍሴ ከሥጋዬ እየተለየች፣ ጉልበቴ እንደ ሰም እየቀለጠ...» ስል፣ ልጂቱ ብዕሯን አስቀምጣ፣ «አባባ፣ ግነት ማስረጃ አይደለም» አለች። ተነሥታም ወጣች፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ እያለከለከች ተመለሰችና፣ «ከምድር ቤት እስከኛ በር ስምንት መወጣጫ፣ እያንዳንዱ ዐሥራ ስምንት ደረጃ፤ መቶ አርባ አራት» ብላ ጻፈች። «እንግዲያው በራእየ ዮሐንስ የታተሙት 144 ሺህ መሆናቸውን ጨምሪበት» ብላት በጄ አላለችም። ከኔ ቃል የተረፈልኝ ጥቂት ነው፤ የቤት ኪራይ ለዐሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ሳናሳልፍ መክፈላችን ለኢቶስ፣ የጤፍ ዱቄት ከረጢት ተሸክሜ አምስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ መቅረቴ ለፓቶስ ገባ። ለጤፉ «ዱቄት» ተባለ፤ ስሙን ከጠቀስን ለማስረዳት ሌላ ገጽ ያስፈልጋል አለች። ደብዳቤው ሲያልቅ፣ ልመሰክርላት፣ እንደ ጥሩ ጉባኤ ቃና አንዲት ቃል የማይነሣለት የማይጣልበት ነበረ። ይህንን ግን አልነገርኋትም፤ የኔታም ነግረውኝ አያውቁም።

በዘጠነኛው ቀን ከሕንፃው አስተዳደር መልስ መጣ። የልጅ ልጄ አነበበችልኝ። ያቀረብነው ጉዳይ ለነሱ እጅግ አስፈላጊ እንደ ሆነ፣ ስለ ትዕግሥታችን እንደሚያመሰግኑ፣ ከሚመለከታቸው ጋር በመተባበር መፍትሔ ለመሻት እየተጉ እንደ ሆነ፣ ለሚደርስብን መጉላላት እንደሚያዝኑ ይናገራል። ከታች የፈረመበት ሰው የለም።

«ይህ የትኛው ካርድ ነው?» አልኋት።

አርባውንም ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ አየቻቸው። ምጸት እንዳትለው ጸሐፊው የቀለደ አይመስልም፤ ግነት እንዳትለው ምንም አልጋነነም፤ ሊቶቲስ እንዳትለው የተሸሸገ ትልቅ ነገር የለም። አልተገኘም። በዚህ ጊዜ፣ ከሦስት ሳምንት ሽንፈት በኋላ፣ የዋሸራ ተራ ደረሰ። አንጥረኛ ወርቅ ሲሠራ አስቀድሞ ቅርጹን በሰም እንደሚያበጅ፣ በጭቃ እንደሚለብጠው፣ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ በባዶው ቦታ ወርቁን እንደሚያፈስ፣ ቅኔያችንም ስሙን ከዚህ እንደ ወሰደ አስረዳኋትና፣ «ይህ ደብዳቤ ሰሙ አለ፤ ጭቃውም አለ፤ እሳቱንም እኛ አንድደነዋል። ወርቅ የሚያፈስ ሰው ግን አልመጣም። ስሙ ሰም ብቻ ነው» አልኋት። በጣም ደስ ብሏት አርባ አንደኛ ካርድ ሠራችለት።

በማግሥቱ ጠዋት አንደኛው ሊፍት ሠራ።

በቤታችን ክርክር ሆነ። ልጂቱ መቶ አርባ አራቱ ደረጃ ነው ያሳመናቸው አለች፤ ልጄ ከሌሊት ሥራ መጥታ ጫማዋን እያወለቀች የዱቄቱ ከረጢት ነው አለች፤ እኔ ወደ እመቤታችን ሥዕል አየሁ። ሦስታችንም ዳኛ በጠፋበት ሙግት ላይ ሳለን ወደ ገበያ ልወርድ ወጥቼ፣ ልጂቱም ለትምህርት ቤት ተከትላኝ፣ ሊፍቱ ሲከፈት በውስጡ ዐሥራ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት የሩስያ አሮጊት ከነከዘራቸው ቆመው አገኘን። እኒህ ሴት ከኔ ጋር በባተርስት ጎዳና ሩስያውያን መደብሮች ዱባ ስንመርጥ እንተዋወቃለን፤ እንግሊዝኛቸው ከኔም ያነሰ ነው፤ ነገር ግን አንድ ቃል በመካከላችን አለ። የዚህ አገር ሰው ኤሌቬተር የሚለውን እሳቸው በሩስኛ ሊፍት ይሉታል፤ እኛም በአማርኛ ሊፍት እንለዋለን።

ጣራውን በከዘራቸው ነካ አድርገው፣ «ሊፍት!» አሉኝ፤ ደስ ብሏቸዋል።

«ሊፍት!» አልኋቸው።

ከዚያ ስልካቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው፣ በእጃቸውና በጥቂት ቃል እየረዱ ያደረጉትን ነገሩን። ሊፍቱ ከቆመበት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ፣ እሑድን ብቻ አስቀርተው፣ በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት ወደ አስተዳደሩ ይደውላሉ። ያነሣው ሰው ማንም ቢሆን፣ የሚለው ምንም ቢሆን አይሰሙትም፤ «ሊፍት። ሊፍት። ሊፍት።» ብለው ይዘጋሉ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከአስተዳደሩ አንድ ሰው ራሱ ደውሎላቸው እባክዎ ከእንግዲህ አይደውሉ፣ ነገ ይሠራል አላቸው።

የልጅ ልጄ ምድር ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረችም። በሩ ሲከፈት ግን ቦርሳዋን ከፍታ፣ እስካሁን ምሳሌው ባዶ የነበረውን ሠላሳ አራተኛውን ካርድ፣ ድግግሞሽ የሚለውን፣ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ሦስቱን ቃል ጻፈችበት።

ካርዶቹ ታርመው በተመለሱ ጊዜ ሠላሳ ሰባቱ ትክክል ሆነዋል። በሠላሳ አራተኛው ላይ መምህርቷ በቀይ ክብ አድርገው፣ ምሳሌው በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ምንጩ ይጠቀስ ብለው ጽፈዋል፤ ወደኔም ያሰቡ ይመስለኛል። የልጅ ልጄ ትንሽ አሰበችና ከቀዩ ጽሕፈት ሥር ጻፈችላቸው፤ «12ኛ ፎቅ»።